«እሱ» ብዬ የጻፍኩት

ሰባተኛ «ለ» ነን። የክፍላችን መስኮት
ወደ ጣና ያያል፣ መስታወት የሌለበት፤
ነፋሱ ሲመጣ ደብተር ይገልጥና
ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኛ ሳንጀምር ገና።

ያን ሰኞ ማለዳ ደወላችን ጠፍቷል፤
ከዋርካው ቅርንጫፍ ሽቦ ብቻ ቀርቷል።
ቸርኬ ነበረ፣ ከአሮጌ አይሱዙ የወጣ፣
ሲመታ ዘጌ ድረስ «ረፈደ» ብሎ የሚቆጣ።
ዳይሬክተሯ ወጥታ በፊሽካ አሰለፈችን፤
አተሩ የወደቀ ፊሽካ ነው፤ ተፍ ተፍ አለብን።

መምህር ባዘዘው ግን አልተቆጣም። ቆሞ
«መቼት» ብሎ ጻፈ፣ ከሁሉ አስቀድሞ።
«መቼና የት ናቸው፣ በአንድ ቃል ተጋብተው።
ሌቱ ምን ይመስላል? ሐይቁስ ሽታው ምን ነው?
ይህን ሳትነግሩኝ
ሌባ ነው ብላችሁ ሰው እንዳታመጡብኝ።»

ጥሩዓለም ተነሳች፤ «እሁድ ማታ ነበር፣
የቆሮሶ ቅርፊት የሚሸትበት መንደር፣
ጨረቃዋ ግማሽ፣ እምቦጩ ተንሳፍፎ
ጥቁር ማሳ መስሏል፣ ዳር እስከ ዳር ተነጥፎ።»

«ገጸ ባህርይስ?»
ገደፋው ቸኩሎ «ሌባ!» አለ።
«ሌብነት የሠራው ነው፤ ሰውየው የት አለ?
ሲተኛ ምን ያልማል? ማንን ነው የሚፈራው?
ጫማው የተቀደደ በየትኛው በኩል ነው?»
ክፍሉ ሳቀ።
እኔ እግሬን ከዴስኩ ሥር ሳብኩት።

አንማው ሴራውን በአንድ ትንፋሽ ቋጨው፦
«ሰረቀ። ከዚያ ሸጠ። ከዚያ ኳስ ገዛ። ይኸው።»
«ዶቃ ነው ያመጣኸው፣ ክሩስ የታል?» አለና
ከሥሩ «ግጭት» ብሎ ጻፈ እንደገና፦
«ከሰው ጋር፣ ከነፋስ ጋር፣ ወይም ከራስ ጋራ።
ሁለት ገጽ ለነገ። ስሕተት ማንም አይፍራ።»

መብራት ጠፍቶ ነበር። በአባቴ ስልክ ብርሃን፣
በእርሳስ፣ «እሱ» ብዬ ጀመርኩ፣ ስም የሌለው ልጅን።

እሱ አባት አለው፤ አባቱም ጀልባ አለው፣
ሁለቴ ነፋስ ፈትቶ ወደ ጥልቁ የወሰደው።
ድንጋይ ያስራሉ፤ ድንጋይ ገመድ ይበላል።
ቸርኬ ግን ቀዳዳ አለው፣ ገመድ ያስገባል፣
ይከብዳል፤ ጭቃው ውስጥ ጥርሱን ነክሶ ይቆያል።
እሱ ፒንሳ ይዞ ዋርካው ላይ ወጣ፤
ውሻ ጮኸ፤ ዝም አለ፤ ዘበኛው አልመጣ።

(እዚህ ላይ ልብ ሰቀላ አለ ብዬ በጣም ኮራሁ።)

ደብተሩ ሲመለስ ቀይ እስክሪብቶ የነካው
አንድ መስመር ብቻ ነው፦
«ሽቦው ሲበጠስ መዳፌን ቆረጠኝ።»
ከጎኑ፦ «መዳፌን? አንጻሩ ተዛነፈብኝ።
እስከዚህ ‹እሱ› ነበር።»
ሌላ ምንም የለም።

ልቀበል እጄን ስዘረጋ
የጠቀለልኩትን ጨርቅ አየ።
ደብተሩን በእኔ እጅና በእሱ እጅ መሐል
ትንሽ አቆየ።
ለቀቀው። ወደ ገደፋው አለፈ።

ያን ማታ «እሱ»ን በላጲስ አጠፋሁ፣ አሥራ ሰባት ቦታ።
አንደኛው ላይ ወረቀቱ ሳስቶ ተቀደደ፤
«እኔ»ን የጻፍኩት በቀዳዳው ጠርዝ ነው፣ በቀስታ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ቸርኬው ዋርካው ላይ ነው፣
እምቦጭ እንደ ጢም ከአገጩ የተንጠለጠለው፤
ሲመታ ድምፁ ሰልሏል፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው።

«ጭብጡስ?» አለ መምህር።
«መስረቅ መጥፎ ነው!» አለ ክፍሉ በአንድነት።
«እሱማ ግድግዳው ላይ አለ፣ በቀለም የተጻፈበት።»
ከዚያ ዝም ብሎ መስኮቱን ያይ ነበር፣
ማዕበሉ ሲነሳ፣ ሲመታ ከድንጋዩ ዳር።

ከአሥር ሰባት ሰጠኝ። «መቋጫ ይጎድለዋል።»
እውነቱን ነው።
አባቴ ዛሬ ማታ ሐይቁ ዳር ይተኛል፣
የጀልባውን ገመድ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስሮ፤
ነፋሱም ደብተሬን መግለጥ ጀምሯል።